ከቂም በኋላ ለሚመጣ ፍቅር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የከሚሴ ሴቶች የሰንበቴን የእሁድና የባቲን የሰኞ ገበያ የምናውቃቸው በሸቀጡ ብቻ አይደለም። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚተዋወቁባቸው፣ ጓደኝነትም ትዳርም የሚጀመርባቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢያችን የደረሰው ግጭት ግን አብረው ያደጉትን ሳይቀር አቆራረጠ። በአንድ ማዕድ በልተው ሰላምታ የተነፋፈጉ ጓደኛሞች አሉ።

ዛሬ ከእነዚሁ መካከል ተመልሰው የተዋደዱና «እንጋባ» የሚሉ ልጆች ሲመጡ፣ እኛ እናቶች ምን እንበል?

አንደኛ፣ አንከልክላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ብሔርና ሃይማኖት ለጋብቻ እንቅፋት እንዳይሆኑ፣ ጋብቻም በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል።

ሁለተኛ፣ አናስገድዳቸው። «እሷን ብንድር ደም ይደርቃል» እያልን ልጃችንን የዕርቅ መያዣ አናድርጋት። ዕርቁ የእኛ የትልልቆቹ ዕዳ ነው። አበጋሮች ይቀመጡ፣ የተበደለ ይካስ፣ ያዘነ ይናገር። ያልተነገረ ቂም ከሙሽራዋ ጋር ቤት ይገባልና።

ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ፣ «እሺ» ከማለታችን በፊት ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጠን «ወደሽው ነው?» ብለን እንጠይቃት። «አዎ» ካለች፣ ድግሱን አብረን እንደግስ። «አይ» ካለችም ከጎኗ እንቁም።