እጇን ብቻ



ፊልም ለምትማረው የአባላችን ልጅ ከቁጠባችን ስናግዝ፣ «ፊልም ማየትም ትምህርት ሆነ?» ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸውን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አብረናት አየን። እሷ ድምፁን አጥፍታ ደጋግማ ታየዋለች፤ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ምስሉ መቼ እንደሚቆረጥ በደብተሯ ትጽፋለች። ገበሬዎቹ ሲሄዱ ካሜራው አይቸኩልም፤ ድካማቸው የሚሰማን ለዚህ ነው አለችን።

ከዚያ በስልኳ የአራት ደቂቃ ፊልም ሠራች፤ ከዓረብ አገር ተመልሳ እንጀራ ጋግራ ስለምትሸጥ አባላችን። አባላችን ታሪኳን ልትናገር ፈቀደች፤ ፊቷ እንዲታይ ግን አልፈለገችም። «ፊት ካልታየ ማን ያዝናል?» የሚል አስተያየት መጣ። እኛ የእሷን ቃል አስቀደምን፤ ደግሞስ ሰው እንዲያዝንልን ነው እንዴ የምንሠራው? ልጅቷ እጇን ብቻ ቀረጸች። ሊጡ ምጣዱ ላይ ይዞራል፣ አክንባሎው ይከደናል፤ እስኪነሳ ድረስ ምስሉ አይቆረጥም፣ የምንሰማው ድምፅዋን ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ።

የጎረቤት ወፍጮ ግን አንዳንድ ቃሏን ውጦታል። ለሚቀጥለው ፊልም ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ያስፈልጋል፤ ማገዝ የምትፈልጉ ከቡናው በኋላ ገንዘብ ያዣችንን አነጋግሩ።