ተራራ የማያግደው ድምፅ
(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር)



ዛሬ የምናወጋችሁ በየቤታችን ጥግ አቧራ ለብሳ ስለቀረችው ሬዲዮ ነው። ነገሩን ያነሱብን በቦንጋና በሚዛን መካከል በምትገኘው በዋጫ ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው። ቤታቸው ቡና እየጠጣን ሳለ ልጃቸው አሮጌዋን ሬዲዮ ለቁራሌ ሊሸጣት ይዟት ሲወጣ አዩትና፣ "ተዋት! እርሷ ባትኖር አባትህ የዒድ ቀን ይጾም ነበር" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ረመዷን ሊወጣ ሲል ሰማዩ በደመና ተሸፈነ። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና ጨረቃ ለማየት የወጣው ሁሉ ባዶውን ተመለሰ። በሰፈሩ ስልክ የለም፤ የሬዲዮዋም ድንጋይ ደክሟል። እርሳቸው ግን ቀን ላይ ብልጭ ባለችው ፀሐይ ድንጋዩን አስጥተው ስለነበር፣ ማታ ሽቦውን ዋንዛው ላይ ሰቅለው አዲስ አበባን ፈለጉ። ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ነገ ዒድ መሆኑን ነገራቸው። ልጆች በየቤቱ ተላኩ። የመጀመሪያው ተክቢራ የተሰማው ከእርሳቸው ደጅ ነበር።

ያ ድምፅ ዋጫ የደረሰው በአጭር ሞገድ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጋራ ሲያጋጥመው ከጋራው ወዲያ ያለው ሸለቆ አይሰማውም። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ይወጣል። ከምድር ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳደረበት የአየር ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ሞገዱ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል፤ ምድርም መልሳ ታነጥረዋለች፤ እንዲህ እየነጠረ አህጉር ያቋርጣል። ከላይ የሚመጣን ነገር የካፋ ጋራና ደን ምን ያደርገዋል? በሬዲዮኖቻችን ፊት ላይ 49፣ 41፣ 31፣ 25 እየተባለ በሜትር የተጻፈው ይኸው ነው። ማታ ረዣዥሞቹ ይጠራሉ፣ ቀን ደግሞ አጫጭሮቹ። ጣቢያው ጠፋ ብለን ሬዲዮዋን በጥፊ የምንላት ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቷ ነው!

አገራችን ከዚህ ሞገድ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። የአቃቂው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በመስከረም 1928 የኢጣልያ ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለአሜሪካ ሕዝብ ያሰሙት በዚያ ነበር። የሚገርመው ጣቢያውን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑ ነው። በኋላም የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 በአማርኛ ጀመሩ። አባቶቻችን ማታ ማታ ካይሮንም ይፈልጉ ነበር። የካይሮው የቁርአን ሬዲዮ በመጋቢት 1956 ዓ.ም. በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ ሲከፈት ያሰማው የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቂራአት ነው። መድረሳ በራቀበት ገጠር ጆሮው ተጅዊድን ከሬዲዮ የለመደ ስንት ሰው እናውቃለን።

"አሁን ስልክ አለ፣ ኢንተርኔት አለ" ትሉን ይሆናል። አለ። ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። የጎረቤታችን የሱዳን ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቢቢሲ 85 ዓመት የዘለቀውን የዐረብኛ ሬዲዮውን በጥር 2015 ዓ.ም. ዘጋ። በሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቢቢሲ ለሱዳን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ ስርጭት በአጭር ሞገድ ከፈተ። ስልክና መብራት ሲቋረጥ በድንጋይ የምትሠራዋ ሬዲዮ ተፈለገች ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሞገዱ እንከን የለበትም አንልም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ አቅሙ ካለ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን ትእዛዝ እንደሚሰጡ በይፋ ተናግረው ነበር። በመጋቢት 2017 ደግሞ የዚያው ጣቢያ ስርጭት በገዛ መንግሥቱ ውሳኔ ተቋረጠ። ሩቅ ያለ ድምፅ ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋዋል። የሰማነውንም ሁሉ አንቀበልም፤ ወሬን ማጣራት ዲናችን ያዘዘን ነውና አንዱን ጣቢያ በሌላው እናመዛዝን።

ሬዲዮ ልትገዙ ስትሄዱ ፊቷ ላይ "ኤስ ደብልዩ" የሚል መኖሩን እዩ፤ ብዙዎቹ አዳዲሶች ኤፍ ኤም ብቻ ናቸው። ስታስቀምጧት ድንጋዩን አውጡት፣ ፈስሶ ሆዷን ይበላዋል። ድምፁ ከደከመ ሦስት አራት ሜትር ሽቦ ከአንቴናዋ ጋር አስራችሁ በመስኮት አውጡ፤ መብረቅ ሲኖር ግን ፍቱት።

የዋጫው ልጅ ሬዲዮዋን ይዞ ተመለሰ። ከሱቅ አዲስ ድንጋይ አምጥቶ ቢሞክራት መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ አንድ የማናውቀው ቋንቋ ተናገረች። አባትየው "ቆይ፣ ገና አልመሸም" አሉት። ሽቦው እስከ ዛሬ ዋንዛው ላይ አለ፤ ዝጓል እንጂ።