ጨረቃ በወር ውስጥ መልኳ ስለ ምን ይለዋወጣል?

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ጨረቃ በመጀመሪያ እንደ ማጭድ ቀጥና ትታያለች፤ ከሳምንት በኋላ ግማሽ፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሉ ትሆናለች፤ ከዚያም እየጎደለች ሄዳ ትሰወራለች። ይህን የማያውቅ ሕፃን በኩታበር የለም። ስለ ምን እንዲህ እንደምትሆን ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው፥ ተማሪም ቢሆን፥ «የምድር ጥላ እየጋረዳት ነው» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህ መልስ ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት ነው፤ ለዚህም ከዓይናችን በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገንም።

የምድር ጥላ ምንጊዜም የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒው በኩል ነው። ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ የእኛ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይረዝማል፤ የምድርም ጥላ እንደዚሁ ነው። አሁን አዲስ ጨረቃ በታየች በሰባተኛው ቀን ገደማ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ግማሿ የበራ ጨረቃ ከራሳችን በላይ፥ በሰማይ መካከል ትገኛለች። ጥላው በምሥራቅ በኩል ወድቆ ሳለ ከአናታችን በላይ ያለችውን ጨረቃ እንዴት አድርጎ ይጋርዳታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ወደ እኛ በመመለስ ነው። እንደ ምድርም ሁሉ ምንጊዜም ግማሽ አካሏ ብሩህ፥ ግማሽ አካሏ ጨለማ ነው። በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ምድርን ስትዞር፥ ከዚህ ብሩህ ግማሽ ለእኛ የሚታየን አንዳንድ ጊዜ ጥቂት፥ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ይሆናል።

ይህን በየቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ማታ በጨለማ ክፍል ውስጥ ኩራዝ ወይም አምፖል አብሩ። የጨርቅ ኳስ በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ፥ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፥ ከራሳችሁ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ራሳችሁ ምድር፥ መብራቱ ፀሐይ፥ ኳሱ ጨረቃ ነው። ፊታችሁን ወደ መብራቱ ስታደርጉ የኳሱ ገጽ ይጨልምባችኋል፤ ይህ ጨረቃ የምትሰወርበት ቀን ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ስትዞሩ በቀኙ በኩል እንደ ማጭድ የቀጠነ ብርሃን ይወጣል፤ ሩብ ዙር ሲሞላ ግማሽ፥ ለመብራቱ ጀርባችሁን ስትሰጡ ሙሉ ይሆናል። ወላጆች ሆይ፥ ልጆች ይስቁብናል ብላችሁ አትተዉት።

በብዙ መጻሕፍት ላይ አዲስ ጨረቃ እንደ ቆመ ማጭድ ተሥላ እናያለን። ይህ ከእኛ እጅግ በስተ ሰሜን ላሉ አገሮች ልክ ነው። ኩታበር ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ በስተ ሰሜን ስለ ሆነች፥ ፀሐይ እኛ ዘንድ የምትጠልቀው ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው። የጨረቃ ብሩህ ጎን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር፥ በየካቲትና በመጋቢት አዲሷ ጨረቃ በጀርባዋ ተኝታ እንደ ጽዋ ትታያለች፤ በመስከረም ደግሞ ወደ ጎን ዘንበል ትላለች።

አባቶቻችንም ነገሩን ችላ አላሉትም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ የጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ እንደሚሰጣት፥ በ14 ክፍልም እየተከፈለ እንደሚሞላ ይናገራል።

ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር 27 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል ይበቃታል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ ስለምትጓዝ፥ ጨረቃ በፀሐይ አንጻር ወደ ቀድሞው ስፍራዋ እስክትደርስ ከሁለት ቀን በላይ ይጨመራል፤ ከአንዷ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላዋ 29 ቀን ተኩል ይሆናል። ወር በግማሽ ቀን ስለማያልቅ የጨረቃ ወር አንዳንዱ 29፥ አንዳንዱ 30 ቀን ነው። ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ሙስሊም ወገኖቻችን በሻዕባን በ29ኛው ቀን ማታ ወደ ምዕራብ የሚያንጋጥጡት ስለዚህ ነው፤ ሂላሏ ከታየች ጾሙ ይገባል፥ ካልታየች ወሩ 30 ይሞላል። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን፥ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ስለ ሆነ 11 ቀን ይተርፋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር በየዓመቱ 11 እየተጨመረበት፥ ከ30 ሲያልፍ 30 እየተገደፈ የሚሄደውም ከዚያው ከ11 ቀን የተነሣ ነው፤ 19 ዓመት ሲሞላ ስሌቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ ፋሲካም በዚሁ ስሌት ይወጣል። እንግዲህ በወሎ ሸሁም መሪጌታውም የሚቆጥሩት አንዲቱን ጨረቃ ነው።

የምድር ጥላ ጨረቃን ከቶ አይነካትም ማለታችን ግን አይደለም። ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት ጥላው ውስጥ ከገባች የጨረቃ ግርዶሽ ይሆናል፤ ይህም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልፋል እንጂ ሳምንት አይቆይም። በየወሩ የማይሆነውም የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለ ሆነና አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ስለምታልፍ ነው። ኳሱን ከራሳችሁ ከፍ አድርጉ ያልናችሁም ስለዚህ ነው፤ ዝቅ ብታደርጉት የራሳችሁ ጥላ ያርፍበታል። በተሰወረችበት ቀን ደግሞ ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል በልክ ከገባች የምትጋረደው ፀሐይ ናት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት የሆነው ይህ ነበር። ጨረቃ በዚያ ቀን ከምድር ባላት ርቀት የተነሣ ፀሐይን ፈጽማ ለመሸፈን ጥቂት ስለ ጎደላት፥ በላሊበላ የፀሐይ ዳር ብቻ ሳይጋረድ ቀርቶ እንደ ቀለበት ሲያበራ ታየ።