ላይተርና ክብሪት ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር ነው። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እሳት ነው። እሳት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ምድጃውን፣ የገለባውን ክምርና የሣር ክዳኑን ነው። እኔ የምናገረው ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚውል መኪና ነው። እንደምታውቁት በገበያ ቀን ሾፌሮቻችን ላይተሩን ክሩስኮት ላይ ጣል አድርገው፣ ቤንዚኑን በሃይላንድ ከወንበር ኋላ አስቀምጠው፣ በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ። መኪናው የሚቆመው የት ነው ቢባል ከእኛ አጥር ጥግና ከገለባችን አጠገብ ነው። ስለሆነም ነገሩ የሾፌር ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የሰፈሩ ነው።

ይህን ሳነሣ አንዳንድ ሰዎች «ኧረ ጸሐፊ፣ የእኛ አገር ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ወሬ ለጃዊና ለመተከል ቆላ ነው» ብለውኛል። እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። አብዛኛው ሙቀት የጨመረው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስታወቱን ትንሽ ከፈት ማድረግም ብዙ አልረዳም። 22 ዲግሪ እኮ የእኛ የበጋ ቀን ነው! መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን መልሶ አይለቅም፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ክሩስኮቱ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአሪዞና በጣም በሚሞቅ ወቅት በተደረገ ልኬት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆሙ መኪናዎች አየራቸው 47 ዲግሪ ያህል ሲሆን ክሩስኮታቸው ግን 69 ዲግሪ ገደማ ነበር። ጥላ ሥር የቆሙት አየራቸው 38፣ ክሩስኮታቸው 48 ሆኖ ተገኘ። ጥላ ብቻውን ክሩስኮቱን 20 ዲግሪ ያህል ቀነሰው ማለት ነው። በቁጥር የማያምን ካለ ጧፍን ይጠይቅ። ወደ ማርያም የሚሄድ ሰው ጧፉን ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጦ ሲመለስ ጎብጦና ተጣብቆ ያገኘዋል። ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መለስለስ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት ነው። እንግዲህ ጧፉን ያጎበጠው ሙቀት ከጎኑ ያለውን ላይተርም አብሮ እያሞቀው ነው።

ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባል ጋዝ ነው። ፈሳሽ መስሎ የሚታየው ተጨምቆ ስለተዘጋበት ነው እንጂ ነፃ ቢለቀቅ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ውስጡ ያለው ግፊት 2 ባር ያህል ነው። በ50 ዲግሪ 5 ባር፣ በ70 ዲግሪ 8 ባር ይደርሳል። የጎማ ነገር የሚያውቁ ሰዎች ይህን ይረዱታል። ለዚህ ነው ብዙው ላይተር ላይ በትንንሽ ፊደል ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁ ተብሎ የተጻፈው፤ የሚያነበው ባይኖርም። ደህናው ላይተር ከዚህ በላይ እንዲችል ተፈትኖ ይወጣል። ከገበያ መደብ ላይ በርካሽ የምንገዛው መፈተን አለመፈተኑን ግን በዓይን አይታወቅም፤ ተሰንጥቆ ወይም ወድቆ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

እዚህ ላይ ነገር ማጋነን አልፈልግም። አንድ ላይተር 5 ግራም ያህል ጋዝ ቢይዝ ነው፤ ይኸውም ሲለቀቅ 2 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ በሰፊ ጋቢና ውስጥ ሲበተን ጋቢናውን የሚያፈነዳ አይደለም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ሲፈነዳ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከወንበር ሥር ወይም ከፊት ባለችው መዝጊያ ባላት ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ሾፌሩ መጥቶ ሲጋራ ሲለኩስ ያገኘዋል። ሌላም አለ፤ ላይተሩ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር ወድቆ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ተጨፍልቆ ወይም ጎማው ተፈትጎ ይነሣል። ይህ ሙቀትም አያስፈልገው።

ታዲያ የት ይቀመጥ? መልሱ ቀላል ነው፤ ላይተር ከባለቤቱ ጋር ይውረድ። የሰው ኪስ ከመኪና ክሩስኮት የቀዘቀዘ ነው። የግድ መኪና ውስጥ ይደር ከተባለ መስታወት የማያገኘው ቦታ፣ ክዳን ባላት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ምንም ነገር ቁልፉን እንዳይጫነው ተደርጎ ይቀመጥ። የፍሊትና የሽቶ ጣሳም እንደዚሁ ነው።

ስለ ክብሪት የጠየቃችሁኝ እናቶች ነበራችሁ። ክብሪት በዚህ ረገድ ከላይተር ይሻላል። የዛሬው ክብሪት በስዊድን አገር በ1844 (እ.ኤ.አ.) በተገኘው ብልሃት የተሠራ ነው፤ ቀዩ ፎስፎር እንጨቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን የሣጥኑ ጎን ላይ ነው። ስለሆነም በመኪና ሙቀት ብቻ አይነሣም። ነገር ግን ሣጥኑ ተቀዶ እንጨቶቹ ከጎኑ ጋር ሲፋተጉ ይነሣል። በላስቲክ ቋጥሮ በጣሳ ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከላይተር ይልቅ የሚያስፈራኝ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከዜሮ ዲግሪ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ በተዘጋ ባጃጅ ውስጥ ሲሞቅ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሃይላንዱ ያብጣል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ትነቱ ወለሉ ላይ ይተኛል። አጠገቡ ላይተር ካለ እሳቱም ማገዶውም አንድ ቤት አደሩ ማለት ነው። ላምባ ይሻላል የምትሉ አላችሁ፤ ላምባም ቢሆን 38 ዲግሪ ሲያልፍ ትነቱ ሊለኮስ ይችላል፤ ያንን ደግሞ መኪናችን በግማሽ ሰዓት ያልፈዋል። ቤንዚን በሃይላንድ ተይዞ ከሰው ጋር በአንድ ጋቢና መሄድ የለበትም። የልጆቹን ችግር አውቃለሁ፤ ቤንዚን ሲጠፋ ሰልፉ ያታክታል። ግን የብረት ጀሪካን አለ፣ አፉ ድረስ ሳይሞላ ከውጭ ወይም ካሶኒ ላይ መጫን አለ።

ከሰል ጫኞችም አትርሱኝ። ከፋግታና ከባንጃ በኩል የዲከረንስ ከሰል ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አይሱዙዎች አባይ በረሃን ሲወርዱ ሸራ ተሸፍነው ነው። አዲስ የወጣ ከሰል የጠፋ ቢመስልም ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ራሱን ያሞቃል። በባሕር የሚጭኑ አገሮች ይህን አይተው ከሰል ከመታሸጉ በፊት 14 ቀን አየር ላይ እንዲቆይ ደንብ አውጥተዋል። የእኛ ሰው በ14 ቀን ዋጋው ይወድቅብኛል ይላል፤ ይገባኛል። ቢያንስ ማዳበሪያው መሐል እጅ ከቶ ሙቀቱን ሳይዳስስ አይጫን፤ ጋቢናውም ላይተርና ቤንዚን አይኑርበት።

ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ስንወርድ መኪናው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ልጆችም ውስጡ ይተኛሉ። እባካችሁ ያን ቀን ላይተር የያዘ ሁሉ ይዞት ይውረድ። ልጅንም ቆልፎ መሄድ ይቅር፤ ለላይተር የማይሆን ሙቀት ለሕፃንማ ሞት ነው።

ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። በባጃጅ ማቆሚያው ጥላ ሥር ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ ሾፌር ላይተሩንና ክብሪቱን እዚያ ጥሎ ይሂድ፣ ሲመለስ ይውሰድ። የቤንዚን ሃይላንድ ግን እዚያ ሣጥን ውስጥ በፍጹም አይገባም። ሁለተኛው፣ ከገለባ ክምርና ከሣር ክዳን ቤት 10 እርምጃ ውስጥ መኪና ቆሞ አይዋል፤ በማቆሚያው ዳርም አንድ በርሜል ደረቅ አሸዋና አካፋ ይኑር፤ የቤንዚን እሳት ውኃ ሲደፉበት ይሰፋልና።

የሣጥኑ ወጪ ከመዋጮው ይከፈል አይከፈል በሚለው ላይ በመጪው እሁድ ድምፅ እንሰጣለን። አዊኛ ለሚቀላቸው አረጋውያን ይህንኑ ንግግር ከስብሰባው በፊት በዛፉ ሥር በአዊኛ እደግመዋለሁ።