ስለ ዝናም ልክና ስለ ድርቅ የተደረገ ንግግር
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ከጂኦግራፊ ክበብ አባላት አንዱ የተናገረው)





አያቶቻችን የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የረኀቡን መምጣት ያወቀው ስደተኛውን በመንገድ ላይ ሲያይ ነበር። ዛሬ ግን ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሜቴዎሳት የተባለችው ሳተላይት አፍሪካን በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ ታነሣለች። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን እንደሚመስለን ዝናሙን አታየውም። የምታየው የደመናውን አናት፣ ይልቁንም የአናቱን ቅዝቃዜ ነው። እጅግ ቀዝቃዛ ደመና በአንድ ቦታ ብዙ ሰዓት ከቆየ፣ በዚያ ይህን ያህል ዘንሟል ተብሎ በሂሳብ ይገመታል።

ይህ ግምት በእኛ ደጋ ይስታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ላይ ነፋሱ እርጥቡን አየር ሽቅብ ሲገፋው፣ ብዙ ያልቀዘቀዘ ደመና እንኳ ዝናም ያወርዳል፤ ሳተላይቷም ይህን አሳንሳ ትገምታለች። በምድር ያሉት የዝናም መለኪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ስለ ሆኑ፣ ከጋይንት ቁልቁል ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርዶ የሚያርሰውን ገበሬ ማሳ አያውቁም። ስለዚህ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ከእንግሊዙ ሬዲንግና ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋራ ሆኖ ሁለቱን አዋሕዷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1983 ጀምሮ የዘነመው በየ10 ቀኑ ተከፍሎ ስለ ተመዘገበ፣ የዘንድሮው ሐምሌ ካለፉት ዓመታት ሐምሌ ጋራ ሲነጻጸር ጉድለቱ ገብሱ ገና ቡቃያ ሳለ ይታወቃል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ክበባችን በግቢው ውስጥ መለኪያ አቁሞ በየጧቱ በ3 ሰዓት ይለካል። (1 ሚሊሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው።) ባለፈው ሰኔ ተራው የእኔ ሳለ ለፈተና ሳጠና ቅዳሜና እሑድ ሳልሄድ ቀረሁና በመዝገቡ ላይ «0»፣ «0» ብዬ ጻፍሁ። ሰኞ 41 ሚሊሜትር ተገኘ። መምህራችን መዝገቡን አይተው አልተቆጡም፤ «እሑድ አልዘነመም ነበርን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እሑድማ ጣራችን ሲንጫጫ ነበር ያደረው።

ያልተለካ ቀን ባዶውን ይተዋል እንጂ ዜሮ አይጻፍበትም፤ ዜሮ «አልዘነመም» ማለት ነውና። የሳተላይቷ ግምት በእንደኔ ያለ ዜሮ ቢታረም ኖሮ ያልደረቀው አገር ደርቋል ይባል ነበር። ሳይለካ «20» ብሎ የሚጽፍ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት በምሥራቅ አማራ ዝናም እንደ ጎደለው ባለ ጊዜ፣ የተቸገረውን ሰው ከእርዳታ ሊያስቀረው ይችላል።

መዝገቡ በኤግዚቢሽኑ ክፍል ተቀምጧል። ሁለቱን ዜሮዎች ሰርዤ በቀይ ቀለም «አልተለካም» ብዬአለሁ። ዋናው ዝናም የሚወርደው ግን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ለግቢው የቀረበ ወላጆችና ተማሪዎች፣ በየጧቱ 10 ደቂቃ ልትሰጡን ብትፈቅዱ ስማችሁን ከመዝገቡ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ እንድትጽፉልን በትሕትና እለምናለሁ።