የቫኪዩም ክሊነር አዲስ ንድፍ፦ ዝናውና ሥራው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ ዕቃ በአዲስ ንድፍ ተሠርቶ በውድ ዋጋ ለገበያ ሲቀርብ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሸጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዝናው ነው። ዝና በራሱ ነውር አይደለም። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ሥራው እንዲታወቅለት ቢፈልግ ተገቢ ነው። የመሐንዲስ ሙያ ግን ዝናን ከሥራ፣ ቃልንም ከመለኪያ ለይቶ ማየትን ይጠይቃል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው በየሆቴሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በብዙ መኖሪያ ቤቶች የሚገኘው የአቧራ መሳቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ቫኪዩም ክሊነር የሚባለው ነው። ከቤት ውስጥ ዕቃዎች መካከል በአዲስ ንድፍ ስም እንደ እርሱ የተወደሱና ዋጋቸው የናረ ጥቂቶች ናቸውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ቫኪዩም ክሊነር ከመነሻው የመሐንዲስ ፈጠራ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 ፓተንት ሲያወጣ መሠረት ያደረገው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ አቧራን ነፍቶ ከማባረር ስቦ በጨርቅ ማጣሪያ መያዝ ይሻላል የሚል ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ በፈረስ የሚጎተት ነበር። መንገድ ዳር ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት እየገቡ ቤቱን ያጸዱ ነበር። በ1908 በአሜሪካ የኦሃዮ ነዋሪ የነበረው የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጄምስ መሪ ስፓንግለር በእጅ ለሚገፋ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፓተንት አገኘ፤ መብቱም ወደ ዊልያም ሁቨር ተላለፈ። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ደግሞ በ1921 ሞተሩና ከረጢቱ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ ቱቦው ብቻ በእጅ የሚያዝበትን ቅርጽ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም። ሞተሩ ማራገቢያውን ያዞራል፤ ማራገቢያው አየርን ይስባል፤ አየሩ በከረጢቱ ግድግዳ አልፎ ሲወጣ አቧራው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። የዚህ አሠራር ጉድለት ከረጢቱ ሁለት ሥራ ደርቦ መሥራቱ ነው። አቧራ ማከማቻም ነው፣ አየር ማጣሪያም ነው። የደቀቀው አቧራ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሲደፍን የአየሩ መንገድ ይጠባል፤ በዚህም የተነሣ ከረጢቱ ገና ሳይሞላ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል።

አዲሱ ንድፍ ምን አመጣ?

ይህን ጉድለት ልብ ብሎ መድኃኒት የፈለገለት በ1947 የተወለደው እንግሊዛዊ ጄምስ ዳይሰን ነው። ዳይሰን የተማረው የምሕንድስና ትምህርት ሳይሆን የንድፍ ጥበብ ነው። የመፍትሔው መነሻም አዲስ ግኝት አልነበረም። የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ሳይክሎን በሚባል ትልቅ ሾጣጣ ዕቃ አየርን እያሽከረከሩ ሰጋቱራን ከአየር መለየት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልፏል። የዳይሰን ድርሻ ያንን የፋብሪካ መሣሪያ ለቤት ውስጥ አገልግሎት እንዲመች አድርጎ ማሳነሱ ነው። ለዚህም እንደ ራሱ ቆጠራ 5,127 የሙከራ ናሙናዎች ሠርቷል። ንድፉ በ1986 ጂ-ፎርስ በሚል ስም በጃፓን በውድ ዋጋ ተሸጠ፤ በ1993 ደግሞ ዲሲ01 የተባለው ሞዴል በብሪታኒያ ለገበያ ቀረበ።

የሳይክሎን ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት እየተሽከረከረ የሾጣጣው ራዲየስ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱን የአቧራ ቅንጣት ወደ ግድግዳው የሚገፋው ኃይል ከቅንጣቱ ክብደት 400 እጥፍ ያህል ነው። በዚያው ፍጥነት ራዲየሱ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኃይሉ ወደ 4,000 እጥፍ ያድጋል። የኋለኞቹ ሞዴሎች በአንድ ትልቅ ሾጣጣ ፈንታ ብዙ ትንንሽ ሾጣጣዎችን ጎን ለጎን የደረደሩት በዚህ ምክንያት ነው። አቧራው ከአየሩ መንገድ ወጥቶ በማጠራቀሚያው ስለሚወርድ፣ ማጠራቀሚያው ቢሞላም አየሩ መንገድ አያጣም። እንግዲህ ዋናው ፈጠራ እውነተኛ ነው፤ ጉድለቱን ከሥሩ አይቶ መልስ ሰጥቷል።

ሆኖም መልሱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አየርን ማሽከርከር ራሱ ግፊት ይበላል። ከሳይክሎኑ የሚያመልጠው እጅግ የደቀቀ አቧራ በኋለኛው ማጣሪያ ላይ ስለሚያርፍ ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ መሣሪያው እንደ ቀድሞው ይደክማል። «የመሳብ ኃይሉ አይቀንስም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ማጣሪያው ንጹሕ በሆነበት ጊዜ ነው። ማጠራቀሚያው ሲገለበጥም አቧራው እንደገና ወደ አየር ይነሣል፤ ከረጢት ያለው መሣሪያ ግን ቆሻሻውን እንደ ተዘጋ ያስወጣል። አቧራ ለሚያሳምመው ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። የዘመኑ ከረጢቶችም ከቀድሞው ወረቀት በተሻለ በብዙ ንብርብር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ስለሚሠሩ ቶሎ አይደፈኑም፤ ስለዚህ ፉክክሩ ከ1993 ይልቅ ዛሬ ተቀራርቧል።

የመለኪያው ጥያቄ

ለብዙ ዓመታት ሻጮች የመሣሪያውን ብርታት ያስተዋውቁ የነበረው በዋት ነው። ይህ ዋት ግን ሞተሩ ከመስመር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ እንጂ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ አያመለክትም። ብዙ የሚበላ በሬ ሁሉ ብዙ አያርስም። ትክክለኛው ልክ የግፊቱ ልዩነትና የአየሩ ፍሰት ሲባዙ የሚገኘው የአየር ኃይል ነው። የቱቦው አፍ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ግፊቱ ከፍተኛ፣ ፍሰቱ ግን ዜሮ ይሆናል፤ አፉ ያለ አንዳች እንቅፋት ቢከፈት ደግሞ ፍሰቱ ከፍ ብሎ ግፊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በሁለቱም ጫፍ የሚሠራ ሥራ የለም፤ ሥራው ያለው በመካከል ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያስነግር ማስታወቂያ ግማሽ እውነት ይናገራል። ምንጣፍ ላይ ደግሞ የአየር ኃይሉም ብቻውን አይበቃም፤ በክሮቹ መካከል የተቀበረውን አቧራ የሚያነሣው የሚሽከረከረው ብሩሽ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚወስዱ አዳዲስ ቫኪዩሞች ወደ ገበያ እንዳይገቡ ተከለከለ። ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲያገለግልም ተደነገገ። ከዚሁ ጋር መሣሪያዎቹ የኃይል ደረጃ መለያ እንዲለጠፍባቸው ሆነ። የዳይሰን ኩባንያ ግን የመለያውን ደንብ በፍርድ ቤት ተቃወመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር መሣሪያዎቹ የሚለኩት ማጠራቀሚያቸው ባዶ ሳለ ነው የሚል ነበር። ማንም ሰው ቤቱን በባዶ ቫኪዩም ብቻ አያጸዳም፤ ከተጠቀመበት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አቧራ ይገባበታልና። የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ኅዳር 8 ቀን 2018 በሰጠው ፍርድ የመለያውን ደንብ ሻረው፤ ከ2019 መጀመሪያም አንሥቶ መለያው ቀረ።

ይህ ፍርድ ከቫኪዩም ክሊነር አልፎ ለምሕንድስና ሙያ ሁሉ ትምህርት አለው። መለኪያ የሚከበረው ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር ሲቀራረብ ነው። በባዶ የተለካ መሣሪያ ስለ ባዶነቱ እንጂ ስለ ሥራው አይመሰክርም።

ስልሳ ደቂቃና ከፍተኛ ኃይል

ታዲያ በዚሁ መርሕ የኩባንያው የራሱ አዳዲስ ሞዴሎች ሊመዘኑ ይገባል። ጄምስ ዳይሰን በ2018 ቪ10 የተባለውን ገመድ አልባ ሞዴል ባወጣበት ጊዜ፣ ኩባንያው ከእንግዲህ ባለ ገመድ ቫኪዩም ማበልጸጉን እንደሚያቆም አስታወቀ። የአዲሱ ሞዴል ሞተር በደቂቃ እስከ 125,000 ጊዜ ይዞራል። ይህ የታይታ ቁጥር አይደለም። ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት የሚያድገው በስፋቱና በመዞር ፍጥነቱ ብዜት ካሬ መጠን ነው፤ ስለሆነም ስፋቱን በግማሽ የቀነሰ ንድፍ አውጪ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ አለበት። በመዳፍ የሚያዝ ሞተር የትልቅ ሞተርን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ በእርግጥ የሚደነቅ ምሕንድስና ነው።

ነገር ግን ማስታወቂያው ከፍተኛ የመሳብ ኃይልንና እስከ 60 ደቂቃ የሚደርስ አገልግሎትን ጎን ለጎን ያስነብባል። የዚህ ሞዴል ባትሪ 25.2 ቮልትና 2.6 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 65 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ 525 ዋት ከወሰደ ባትሪው የሚቆየው 7 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። 60 ደቂቃ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ መሣሪያው በአማካይ ሊወስድ የሚችለው 65 ዋት፣ ማለት የሙሉ ኃይሉን አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው እውነት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ግን አይገኙም። 60 ደቂቃው በዝቅተኛው ኃይልና የሚሽከረከር ብሩሽ በሌለው አፍ የተለካ መሆኑን አምራቹ በማስታወሻ ይገልጻል። ቁጥሩ የሚጻፈው ግን በትልቅ ፊደል፣ ማስታወሻው በትንሽ ፊደል ነው። ባዶ ማጠራቀሚያ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም ብሎ በፍርድ ቤት የረታ ወገን፣ የራሱን ባትሪ ከሁሉ በቀለለው ሸክም ለክቶ ማስነገሩ ልብ ሊባል ይገባል።

ከፍታና ክንድ

ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነጥብ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍግታ ጋር አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ በካርቶን ላይ የታተመ የመሳብ ኃይል፣ ፍጥነቱ ካልተጨመረ በቀር፣ በአዲስ አበባ አንድ አራተኛ ያህል ይጎድላል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም እንዲሁ ይሳሳል። ቪ10 የአየሩን ግፊት የሚለይ መሣሪያ ተገጥሞለት አሠራሩን ከከፍታው ጋር እንዲያስማማ መደረጉ በዚህ ረገድ የንድፉን ጥንቃቄ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ለጨመረው ፍጥነት የሚከፍለው ያው ባትሪ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የሠራተኛው ክንድ ነው። ማስታወቂያ የሚናገረው ለገዢው ነው፤ መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ቤቶችና በብዙ ከተሞች ሆቴሎች በዚህ ሥራ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶች ብዙ ናቸው። ገመድ አልባው ሞዴል ሞተሩን፣ ባትሪውንና ማጠራቀሚያውን ከእጀታው አጠገብ ስለሚያኖር 2.5 ኪሎ ግራም የሚያህለው ክብደት አብዛኛው በእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። ለአንድ ክፍል ይህ ቅልጥፍና ነው፤ ለ15 ክፍሎች ግን ድካም ነው። በብሪታኒያ ኑማቲክ የተባለው ኩባንያ ከ1981 ጀምሮ የሚሠራው፣ ከረጢት ያለውና በመንኮራኩር የሚጎተተው ሄንሪ የጽዳት ባለሙያዎችን እምነት ይዞ መቆየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደቱን ወለሉ ይሸከምለታል፤ ኃይሉ ከመስመር ስለሚመጣ አይቋረጥም፤ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው። የሊቲየም ባትሪ በአንጻሩ በጥቂት መቶዎች ዙር ሙሌት ውስጥ አቅሙ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፤ ምትክ ባትሪ በማይገኝበት ቦታ ደኅና ሞተር ከነሕይወቱ ይጣላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በአዲስ ንድፍ የተሠሩት ውድ ቫኪዩም ክሊነሮች እንደ ዝናቸው ናቸውን? መልሱ አንድ ቃል አይሆንም። የሳይክሎኑ ሐሳብ እውነተኛ ነው፤ የትንሹ ሞተር ሥራም እውነተኛ ነው። ለትንሽ ቤት፣ ለደረጃና ለፈጣን ጽዳት ገመድ አልባው ምቹ ነው። ሰፊ ምንጣፍ ላለው የጸሎት ቤት፣ ለሆቴልና ለመሥሪያ ቤት ግን የድሮው ባለ ገመድና ባለ ከረጢት መሣሪያ ዛሬም አልተረታም። ዝናው ከሥራው የሚበልጠው ቁጥሩ ከተለካበት ሁኔታ ተነጥሎ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ ነው።

ይህም ለማኅበሩ አባላት የቅርብ ጉዳይ ነው። የጨረታ ዝርዝር የሚያዘጋጅ መሐንዲስ «ኃይሉ ይህን ያህል ዋት» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ የማስታወቂያውን ቋንቋ ወደ መንግሥትና ወደ ድርጅት ሰነድ አስገባ ማለት ነው። አቧራ በገባበት ጊዜ ምን ያህል ይስባል? ባትሪው በሙሉ ኃይል ስንት ደቂቃ ይቆያል? በአገልግሎቱ ቦታ ከፍታ ምን ይሆናል? ማጣሪያው፣ ብሩሹና ባትሪው ከስንት ዓመት በኋላ በምን ዋጋ ይገኛሉ? ከ15ኛው ክፍል በኋላ የያዘችው ሠራተኛ ምን ትላለች? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ለውኃ ፓምፕ፣ ለጄኔሬተርና ለሕክምና መሣሪያም በየመልካቸው ይሠራሉ። ሻጭ ዕቃውን ቢያሞግስ ሥራው ነው፤ የመሐንዲሱ ሥራ የት፣ በምን ሸክምና እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ነው።