አሮጌ ሞተር በጉለሌ አየር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከመካኒክ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



 ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱትን፣ ከሸጎሌ ወደ መርካቶ የሚያልፉትን አሮጌ ቮልስዋገኖች ያየ ሁሉ፣ እነዚህ መኪኖች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የቤተሰብ ንብረት መሆናቸውን ያውቃል።

ሞተሩ በስተኋላ የተቀመጠውና በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዘው ይህ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጣ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። እንግዲህ አሮጌው ቮልስ ቢበላሽ በሌላ ቮልስ የሚተካበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አሮጌ ሞተር የሚድነው ዕቃ በመለዋወጥ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በመለካት መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ስለ መለዋወጫ እንናገር። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የዕቃውን አዲስነት ነው። ነገር ግን ትክክለኛውን ዕቃ የሚያሳውቀው ቁጥሩና ልኩ እንጂ ማብረቅረቁ አይደለም። ከቤት ሳይወጡ በዲናሞው መቀመጫ ሥር የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር መጻፍ ይገባል። በፋብሪካው የዕቃ ቁጥር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ዕቃው ለየትኛው ዓይነት መኪና እንደ ተሠራ ያመለክታሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ በ1 ከጀመሩ ዕቃው የሞተር ክፍል ነው። ደግሞም ዋና ዕቃ ሁሉ የቮልስዋገን ስም የለበትም፤ የካርቡራተሩ ስም ሶሌክስ፣ የዲስትሪቢውተሩም ብዙውን ጊዜ ቦሽ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የ1200ውም የ1300ውም ሞተር ፒስተን ስፋቱ 77 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ያየ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ነገር ግን የአንዱ ፒስተን ወጥቶ የሚወርድበት ርዝመት 64፣ የሌላው 69 ሚሊሜትር ስለሆነ ክራንክሻፍታቸው አንድ አይደለም። ይህን ሳያጣሩ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያጣሉ፤ ሞተሩም ይጎዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለምን? በአንጻሩ ልኩን ያልሳተ አሮጌ ዋና ዕቃ፣ ልኩ ካልታወቀ አዲስ ዕቃ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር የማስተካከል ሥራ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት በብዙዎቹ ሞተሮች እንደ ዓይነታቸው 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ይደረጋል። ክፍተቱ ከጠበበ ድምፅ አይሰማም፤ ነገር ግን ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ፀጥ ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ ፑንቲናው በ0.4 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ከዚያ እሳቱ የሚወጣበት ጊዜ ይስተካከላል። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱም ጊዜ ስለሚለወጥ ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። ካርቡራተር የሚነካው በመጨረሻ ነው። ብዙዎች ግን ቪስ ስለሚቀርባቸው ከካርቡራተሩ ይጀምራሉ፤ በሽታው ያለው ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ጤነኛውን ያሳምማሉ።

ሦስተኛውና ለእኛ ለጉለሌ ልጆች የሚቀርበው የአየር ነገር ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ለቆላ አየር ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። በዚህም ምክንያት ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራል። መድኃኒቱ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የናስ ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። በላይዋ 125 የሚል ቁጥር ያለባት ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊሜትር ነው።

ነገር ግን የወጣችውን ቀዳዳ መጣል አይገባም። ይኸው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህን ትኩሳት አይችልም። ስለዚህ የፋብሪካዋ ቀዳዳ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ተጠብቃ ወደ ቆላ ሲኬድ ትመለስ።

ክቡራን ሆይ፣ መካኒክነት የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም። ባለመኪናው ሞተሩን ማየት ስለማይችል የሚያምነው በመካኒኩ ቃል ነው። ሳይለካ «ይህ ይለወጥ» የሚል መካኒክ የሰው ገንዘብ በግምት ያወጣል። እናንተ ታናናሾቻችን ሆይ፣ በክበባችን ስትገቡ ከመፍቻው በፊት መለኪያውን አንሡ፤ የለካችሁትንም በደብተር ጻፉ። የሚቀጥለው መካኒክ ከእናንተ ጽሑፍ ይጀምራል፤ መኪናውም ዕድሜ ያገኛል።